በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ? ስለ ባቲ ቅኝትና ስለ ጊታር ጩኸት

ከሚሴ የሄድኩት ለሙዚቃ አልነበረም፤ የዘመድ ሠርግ ጠርቶኝ ነው። ከአዲስ አበባ ተነስቶ በደብረ ብርሃንና በጣርማ በር አድርጎ ወደ ደሴ የተጓዘ ሰው ሸዋ ሮቢትን፣ ሰንበቴንና አጣዬን አልፎ ከሚሴ ሲደርስ ኮቱን አውልቆ ክንዱ ላይ ማንጠልጠሉ አይቀርም። በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ በሆነችው በዚህች ከተማ አማርኛና ኦሮምኛ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ይገባበዛሉ። ሠርጉም እንደ አገሩ ነበር፤ አንዱ ዘፈን በኦሮምኛ፣ ተከታዩ በአማርኛ፣ ጭፈራው ግን ያው አንድ።

ከድንኳኑ ጥግ አራት ወጣቶች መሣሪያቸውን ተክለዋል፤ ኪቦርድ፣ ድራም፣ ቤዝ ጊታርና ሊድ ጊታር። ጊታሪስቱ ከኋላው ያቆመው አምፕሊፋየር ደረቱ ድረስ ይደርሳል። እኩለ ሌሊት ሲቃረብ ከታዳሚው መካከል አንዱ «ባቲ ይባልልን!» አለ። ባቲ ለእኛ ለአዲስ አበቤዎች የቅኝት ስም ነው። እዚያ ግን አስቀድሞ የከተማ ስም ነው፤ በዚሁ ዞን ውስጥ ያለች፣ ሰኞ ሰኞ አፋሩ፣ ኦሮሞውና አማራው በአንድ ገበያ የሚገናኙባት ባቲ። ስለዚህ ጥያቄው የሙዚቃ ብቻ አልነበረም። «የእኛን ተጫወቱልን» ማለት ነበር።

ልጁ ጀመረ። የወጣው ድምፅ ግን ባቲ አልነበረም። ጣቶቹ ትክክለኛው ቦታ ላይ ነበሩ፤ ቆሜ አይቻለሁ። ድምፁ ግን በክረምት እንደሚወርደው ቦርከና ደፍርሶ፣ አንዱ ኖታ ከሌላው ጋር ተቦክቶ፣ ቅኝቱ ከነመልኩ ውስጡ ሰጠመ። ከአጠገቤ የተቀመጡ ሽርጥ የታጠቁ አዛውንት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ይሄ ባቲ ነው ወይስ ባቲ ዳገት ላይ የተያዘ ኤፍ ኤስ አር?» አሉኝ። ሳቅሁ። እሳቸው ግን አልሳቁም።

ዘፈኑ ሲያበቃ ልጁ ከቦርሳው አንዲት አረንጓዴ የብረት ሣጥን አወጣ። መጠኗ የሳሙና ማስቀመጫ ያህል ነው፤ ሦስት የምትዞር ቁልፍና አንድ በእግር የሚረገጥ ማብሪያ አላት። የድምፅ ማሻከሪያ ፔዳል መሆኗን አውቅ ነበርና «ኧረ ጉድ! በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ!» አልኩ በልቤ። የሻከረው አምፕሊፋየር አልበቃ ብሎ ሌላ ማሻከሪያ! ልጁ ጎንበስ ብሎ የአምፕሊፋየሩን አንድ ቁልፍ ወደ ግማሽ መለሰ፤ ሣጥኒቱን ረገጠና ያንኑ ባቲ ደገመው።

ባቲ ወጣች። ድምፁ አሁንም ሻካራ ነው፤ አሁንም ይነድዳል። ነገር ግን እያንዳንዱ ኖታ በስሙ ሲጠራ ይሰማል። ሴቶቹ እልል አሉ። አዛውንቱ ዘንጋቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ዝም አሉ። እኔም አፈርኩ።

ያፈርኩበት ምክንያት ከዚያ ሌሊት ይቆያል። ከዓመታት በፊት ስለ አንድ አልበም ስጽፍ ሦስት ገጽ ሙሉ ግጥሙን ተንትኜ፣ ለጊታሩ የሰጠሁት አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ «ጩኸት»። ያን ቃል ስጽፍ ስለ ድምፁ የማውቀው ነገር አልነበረም። አለማወቄን በንቀት ሸፈንኩት እንጂ።

በእረፍት ሰዓት ልጁን አገኘሁትና ምን እንዳደረገ ጠየቅሁት። ላቡን እየጠረገ «ጋሼ፣ እሷ እኮ አትጨምርም፤ ታጠራለች» አለኝ። የዛሬው ጽሑፌ የዚህችን መልስ ትርጉም ፍለጋ ነው።

*

ነገሩ ወዲህ ነው። ከኤሌክትሪክ ጊታር የሚወጣው ድምፅ በራሱ ደካማ ነው። ክሩ ሲርገበገብ ከሥሩ ያለው ማግኔትና የሽቦ ጥቅልል ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞገድ ይፈጥራሉ፤ አምፕሊፋየሩ ያንን ሞገድ በደረጃ በደረጃ ያሳድጋል። እያንዳንዱ ደረጃ ጣራ እንዳለው ክፍል ነው እንበል። ሞገዱ ከጣራው በታች እስካለ ድረስ ድምፁ ጥርት ያለ ነው። ጣራውን ሲነካ ግን አናቱ ይደፈጠጣል። የተደፈጠጠ ሞገድ ከመጀመሪያው ያልነበሩ አዳዲስ ንዑስ ድምፆችን ይወልዳል። ዲስቶርሽን የምንለው ይኸው ነው። «ሃይ ጌይን» የሚባሉት አምፕሊፋየሮች እንዲህ ያሉ ክፍሎችን ደራርበው የያዙ፣ ሞገዱን ሆን ብለው ደጋግመው ጣራ የሚያስነኩ ናቸው።

እንግዲህ አናቱ የተደፈጠጠ ሞገድ ላይ ከፊት ሌላ ጉልበት ብንጨምር ምን ይሆናል? ጣራው ከፍ አይልም። ድምፁም እንደምንጠብቀው አይጎላም። የሚለወጠው የሞገዱ ቅርጽ ነው፤ ማለትም የትኛው ድምፅ በምን ያህል ይደፈጠጣል የሚለው ነገር።

እዚህ ላይ የጊታሩን ወፍራም ክር እናስብ። ያለ ጣት ሲመታ በሴኮንድ 82 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ ጉልበቱም ከቀጫጭኖቹ ክሮች ይበልጣል። ጣራውን ቀድሞ የሚነካው እሱ ነው። እሱ ሲነካ ቀጫጭኖቹን ድምፆች አብሮ ይጎትታቸዋል። በከሚሴው ድንኳን የሰማነው ድፍርስ ምንጩ ይህ ነበር። አረንጓዴዋ ሣጥን፣ ጊታሪስቶች «ቲዩብ ስክሪመር» የሚሏትና ከ1970ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከጃፓን የተሰራጨችው ዓይነት ፔዳል፣ ከምታሻክርበት ክፍሏ ውስጥ ከ720 ሄርትዝ በታች ያለውን ድምፅ እየቀነሰች ትሄዳለች፤ በጣም ቀጭኑንም ከላይ ትመልሳለች። የሚቀረው መካከለኛው ድምፅ ነው፤ የሰው ልጅ ንግግር ጎልቶ የሚሰማበት አካባቢ። ይህ ተጣርቶ ወደ አምፕሊፋየሩ ሲገባ ጣራውን የሚነካው ዜማው እንጂ ጉርምርምታው አይሆንም። ልጁ የፔዳሏን የማሻከሪያ ቁልፍ ዜሮ አጠገብ አድርጎ፣ የማጉያ ቁልፏን ግን ከፍ ያደረገውም ለዚህ ነው። ሻካራነቱን ከአምፕሊፋየሩ ወሰደ፤ ማጣራቱን ከፔዳሏ። ወንፊት አደረጋት ማለት ነው።

ዘዴው የዛሬ አይደለም። የብላክ ሳባት ጊታሪስት ቶኒ አዮሚ እ.ኤ.አ. በ1970 በወጡት የቡድኑ የመጀመሪያ አልበሞች ላይ ከአምፕሊፋየሩ ፊት ቀጭኑን ድምፅ የሚያጎላ «ሬንጅማስተር» የተባለ ትንሽ መሣሪያ ይጠቀም ነበር። የዓለማችን ከባድ ሮክ ገና ሲወለድ ጀምሮ ሚስጥሩ ይህን ይመስላል፤ ከባድ የሚመስለው ድምፅ ከመክበዱ በፊት ቀልሏል።

ቦታውም ወሳኝ ነው። ከአምፕሊፋየሩ ፊት የገባ ማጉያ ከወጡ ጋር አብሮ እንደሚበስል በርበሬ ነው፤ ጣዕሙን ከሥር ይለውጣል። ከማሻከሪያው ክፍል በኋላ የገባ ማጉያ ግን ገበታ ላይ እንደሚነሰነስ ሚጥሚጣ ነው፤ የወጡን ጠባይ ሳይነካ ያቃጥላል፣ ማለትም ድምፁን እንዳለ ከፍ ያደርጋል። ነጠላ ዜማ ሲመጣ ከቡድኑ በላይ መሰማት የፈለገ ጊታሪስት ሁለተኛው ያስፈልገዋል። ብዙዎቹ ግን የመጀመሪያውን ረግጠው «ለምን አልተሰማሁም?» ይላሉ።

*

እስካሁን ያልኩት ለማንኛውም ሙዚቃ ይሠራል። የእኛ ጣጣ የሚጀምረው ከቅኝቱ ነው።

ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ እየተባሉ ከሚቆጠሩት አራቱ ቅኝቶች መካከል ሁለቱ በወሎ ቦታዎች ስም ይጠራሉ። ባቲ ሁለት መልክ አለው። አንዱ ሜጀር ባቲ የሚባለው ሲሆን ኖታዎቹ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ናቸው። ሁለተኛው ማይነር ባቲ ሚና ሲ በግማሽ ድምፅ ዝቅ የሚሉበት ነው። አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ ይህ ሁለተኛው ባቲ በኖታ ደረጃ የአሜሪካ ብሉዝና የእንግሊዝ ሮክ ጊታሪስቶች ሌት ተቀን ከሚጫወቱበት ባለ አምስት ኖታ ማይነር መሰላል ጋር አንድ ነው። ሮክ የወደደ ወጣት ማይነር ባቲን ሲነካ ጣቱ ቤቱ የገባ ያህል ይቀልለዋል። ባቲ የሆነለት ግን ይመስለዋል እንጂ ገና ነው። ቅኝቱን ቅኝት የሚያደርገው የኖታው ቁጥር ብቻ ሳይሆን የት እንደሚያርፍ፣ የቱን እንደሚያንቀጠቅጥ፣ በየት በኩል ተንሸራትቶ እንደሚመለስ ነውና።

እውነተኛው ፈተና ሜጀር ባቲ ነው። የሮክ ጊታር ምሰሶ «ፓወር ኮርድ» የሚባለው፣ አንድን ኖታና አምስተኛውን አብሮ መምታት ነው። ዲስቶርሽን ሁለት ድምፆች አብረው ሲገቡበት የእነሱን ድምርና ልዩነት ይወልዳል። ኖታና አምስተኛው የ2 ለ3 ዝምድና ስላላቸው ልዩነታቸው ከታችኛው ኖታ አንድ ኦክታቭ ዝቅ ብሎ ያርፋል፤ ስለዚህ ይስማማል፣ ይገዝፋልም። አሁን ይህን ወደ ሜጀር ባቲ እናምጣው። ዶ አምስተኛው ሶል ነው፤ አለ። ሚ አምስተኛው ሲ ነው፤ አለ። ፋ አምስተኛው ዶ ነው፤ እሱም አለ። ሶል ግን አምስተኛው ሬ ነው፤ በቅኝቱ ውስጥ የለም። ሲ አምስተኛው በግማሽ ድምፅ ከፍ ያለ ፋ ነው፤ እሱም የለም። ከአምስቱ ኖታዎች በሁለቱ ላይ የሮክ ልማዱን ይዞ ፓወር ኮርድ የሚመታ ጊታሪስት ያልተጠሩ ሁለት እንግዶችን ወደ ሠርጉ ያስገባል። ጆሮአችን «የሆነ ነገር ጎረበጠኝ» የሚለው ያኔ ነው።

ሌላም አለ። በሜጀር ባቲ ውስጥ ሚና ፋ፣ ሲና ዶ በግማሽ ድምፅ ብቻ ይራራቃሉ። የባቲ ናፍቆት አብዛኛው የሚኖረው በእነዚህ ጠባብ መተላለፊያዎች ነው ብል አላጋነንኩም። ዲስቶርሽን ደግሞ የሚሞተውን ድምፅ አያስሞትም፤ ደካማውን ቀና አድርጎ ያቆየዋል። ቀጭኑ ክር ላይ የተመታው ሚ ገና ሳይጠፋ በሁለተኛው ክር ላይ ፋ ሲመታ ሁለቱ በሴኮንድ 20 ጊዜ ያህል እየተጋጩ ያጓራሉ። አዛውንቱ የሰሙት የኤፍ ኤስ አር ሞተር ይህ ነበር ማለት ነው! መድኃኒቱ የአምፕሊፋየሩን ጉልበት መቀነስ፣ ከፊቱ ወንፊቱን ማኖር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ያለፈውን ክር በመዳፍ ማፈን ነው። ፔዳል እጅን አያስተምርም። እንዲያውም የእጅን ስሕተት ጎልታ ታሳያለች፤ ከሥር የነበረውንም ሽሽታ አብራ ታጎላለች።

*

«ይህ ሁሉ የፈረንጅ ጣጣ ነው፤ ለእኛ ክራራችንና መሰንቋችን ይበቃናል» የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። እኔም ብዬው ነበር። አሁን ግን አልስማማም።

በገናን እንውሰድ። ዐሥሩ አውታሮች እንዲሁ ተወጥረው ቢቀሩ ድምፁ የምናውቀው የበገና ድምፅ አይሆንም። ያን የሚነዝር፣ እንደ ንብ መንጋ የሚያጉረመርም ድምፅ የሚያወጣው በአውታሩና አውታሩ በሚያርፍበት እንጨት መካከል የምትገባው ትንሿ ቁራጭ ቆዳ፣ እንዚራዋ ናት። አውታሩ እየተርገበገበ ይነካታል፤ ድምፁም ይሻክራል። ደርዳሪው እንዚራዋን በየአውታሩ ወደፊት ወደኋላ እያለ ያስተካክላታል። ቦታዋን ከሳተች ወይ ንዝረቱ ይጠፋል ወይ ዜማው ይታፈናል። እንግዲህ ይህ ከፔዳል ቁልፍ ማስተካከል በምን ይለያል? ድምፅን ማሻከርና የተሻከረውን ማጥራት ኤሌክትሪክ ከመምጣቱ በፊት የነበረ የቤታችን ጥበብ ነው።

ጌታቸው መኩሪያንም እናስታውስ። ሽለላን ከተዋጊው ጉሮሮ አንስቶ ሳክስፎን ውስጥ ሲያስገባው ድምፁን አላለሰለሰውም። ነፋሱን ከመጠን በላይ አስጨንቆ፣ ቱቦው እስኪጮህ ድረስ ገፋው። ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመው አልበም ላይ ባለው «የከርሞ ሰው»ም ያ ሻካራ ጊታር ከነሐሱ መሣሪያዎች ጎን ሲገባ ለጆሮአችን እንግዳ ሆኖ አያውቅም። ጥያቄው እንግዲህ «ይሻከር ወይስ አይሻከር?» አይደለም። «ሲሻከር ምኑ ይትረፍ?» ነው።

በዚህ መለኪያ ሁለት አልበሞችን ጎን ለጎን አዳመጥኩ። አንደኛው የጃኖ ባንድ «ኤርታሌ» ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካዊው ቢል ላስዌል ፕሮዲዩሰርነት ወጥቷል። ሁለት ወንዶችና ሁለት ሴቶች ድምፃውያንን ከሮክ ጊታር ጋር አጋጥሞ መነሳቱ ድፍረት ነበር፤ ዛሬም ድፍረቱን አከብራለሁ። ከባዱ ጊታር ለአገራችን ወጣት ጆሮ የራሱ ንብረት ሆኖ እንዲሰማው ከማንም በላይ የሠራ አልበም ይመስለኛል። ቅሬታዬ ግን ይህ ነው፤ በብዙ ቦታ ጊታሩ ግድግዳ ይሆናል። ድምፃውያኑ ኖታውን ሲያንቀጠቅጡት፣ ሲያጥፉትና ሲዘረጉት ጊታሩ ከሥራቸው ቀጥ ብሎ ቆሞ ይጠብቃቸዋል። ቅኝቱ በጉሮሮ ብቻ ይቀራል፤ ክሩ የሚሸከመው ጉልበቱን ነው። ይህ ጥፋት አይደለም፤ ምርጫ ነው። ነገር ግን እሳተ ገሞራን ስሙ ያደረገ ሥራ እሳቱን ለጊታሩም ቅኝት ቢያካፍለው እመርጥ ነበር።

ሁለተኛው «ሞአ አንበሳ» ነው። «ዘ ኤክስ» የተባለው የሆላንድ ፓንክ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2004 ሃያ አምስተኛ ዓመቱን ሲያከብር ጌታቸው መኩሪያን ወደ አምስተርዳም ጋበዘ፤ በ2006 አልበሙ ወጣ። እዚህ ጊታሮቹ ይቧጭራሉ፣ ያንኳኳሉ፣ አጭር ብለው ይቆማሉ፤ ረጅሙን ጩኸት ለሽማግሌው ሳክስፎን ትተውለታል። ሽለላው ተሰማ። የሚገርመው ያንን ቦታ የለቀቁት የአገራችንን ቅኝት በልጅነታቸው ያልሰሙት ሰዎች መሆናቸው ነው። ቦታ መልቀቅን የሚያስተምር ፔዳል የለም። ከማዳመጥ የሚመጣ ነውና። እኔ የመጣሁበትን ድምዳሜ ካልደበቅሁ፣ ጃኖዎች ለእኛ የበለጠ ያስፈልጉናል፤ «ሞአ አንበሳ» ደግሞ የበለጠ ሊያስተምረን ይገባል።

*

ይህን ሁሉ ያነሳሁት ጊታሪስቶችን ለማረም አይደለም። እነሱማ በየድንኳኑ፣ በየምሽት ክበቡ፣ መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ባለ 9 ቮልት ባትሪ እየቆጠቡ ሙከራቸውን ይዘዋል። የጎደልነው እኛ ጸሐፊዎቹ ነን። የዘፈን ሂስ በአገራችን የግጥም ሂስ ሆኖ ቆይቷል። ሰምና ወርቁን እንፈታለን፣ ስንኙን እንቆጥራለን፣ የድምፃዊውን ሕይወት እንተርካለን። ድምፁ ራሱ ግን «ቅንብሩ ጥሩ ነው» ወይም «ጩኸት ይበዛዋል» በሚሉ ሁለት ማኅተሞች ይመታና ያልፋል። አንድ ወጣት እንደዚህ ያለውን ሂስ አንብቦ ምን ያሻሽላል? ያ ስለ እሱ የተጻፈ ቃል «ጩኸት» ከሆነ ያለው አማራጭ ሁለት ነው፤ ወይ ጊታሩን ይጥላል፣ ወይ ሂሱን። እስካሁን ሂሱን እየጣለ መጥቷል፤ አልፈርድበትም።

ሲበዛ ማርም ይመራል የሚለውን ምክር ለወጣቱ መለገስ ቀላል ነው። የበዛው የትኛው እንደሆነ፣ ከየት እንደበዛ፣ ምን ቢቀነስ ማሩ እንደሚተርፍ መናገር ግን ጆሮ ማሠልጠን ይጠይቃል። ያንን ሥራ የጀመረልኝ ሰው ስሙን እንኳ ያልጠየቅሁት የከሚሴ ጊታሪስት ነው።

በማግስቱ ሰኞ ነበር። ወደ አዲስ አበባ ከመመለሴ በፊት በኮምቦልቻ ዞሬ ባቲ ገበያ ደረስኩ። የግመሉ ጩኸት፣ የነጋዴው ጥሪ፣ የሦስት ቋንቋ ክርክር፣ የጭነት መኪና ሞተር በአንድ ሜዳ ላይ ተደባልቋል። መጀመሪያ ድፍርስ ነው። ትንሽ ቆም ሲሉ ግን ከዚያ ሁሉ መሐል የአንዲት ጨው ሻጭ ድምፅ ለብቻው ይወጣል፤ ጮክ ብላ አይደለም፤ የምትጠራበትን ከፍታ መርጣ እንጂ። የዚያን ዕለት ገዢዎቿ ከሩቅ ሲመጡ አየሁ። እኔም የድሮውን ጽሑፌን አልበም እቤት ስገባ እንደገና ላዳምጠው ወሰንኩ።

አዳመጥኩት። ግማሹ ጊታር ዛሬም ድፍርስ ነው። ሌላው ግማሽ ግን ያኔም ጥሩ ነበር፤ እኔ አልሰማሁትም።